ወደ ኋላ የሚለመጥ ጣት

«ይሄ በዘር የሚወረስ ነው» ብላ፣ መምህርቷ ወደ ኋላ የሚለመጥ አውራ ጣቷን ለተማሪዎቿ ቀስራ አሳየች። ይህን ጊዜ አዛውንቱ ዘበኛ የጠመኔ ፓኮ ይዘው ገቡ። አባቷ መሆናቸውን በዚያ ትምህርት ቤት ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

«ቲቸር፣ የጋሼም ጣት ቁርጥ የእርስዎን ይመስላል!» አለች ከፊት የተቀመጠች ተማሪ። ክፍሉ በሳቅ አወካ። መምህርቷ ክው አለች፤ ጣቷንም ጨብጣ ደበቀችው። «አጋጣሚ ነው» አለች፣ አባቷን ቀና ብላ ሳታይ።

ዘበኛው ፓኮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እውነታቸውን ነው፣ ልጆች። የኔን ጣት በር ጨፍልቆት ነው» አሉና፣ ለገዛ ልጃቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነስተው ወጡ።

ያቺው ተማሪ እጇን አወጣች። «ታዲያ እርስዎ ከማን ወረሱት?»