ኢግኖሚኒ ጎንደር የገባች ሰሞን

መምህር ሐብተ ማርያም እንግሊዝኛ ሲያስተምር ድምፁ ከጎንደር ጠዳ ድረስ ይሰማል፤ የጠዳ በሬዎችም ቀንበራቸውን እንደተሸከሙ ቆመው ያዳምጡታል ይባላል። አብዮቱ በጦፈበት ሰሞን፣ አንድ ሰኞ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ኢግኖሚኒ» ብሎ ጻፈ። ትርጉሙ ውርደት ነው አለ። ምንጩን ሊናገር ሲል ደወሉ ተደወለና ተማሪው እንደ ንብ መንጋ ወጣ።

ከግድግዳው ማዶ ጂኦግራፊ የሚያስተምረው አለበል አበልጁ ነው። በመምህራን ክፍል ሲገናኙ «ምን ጉድ ይዘህ መጣህ ደግሞ? ቃልህ ግድግዳዬን ሰንጥቃ ገባች» ብሎ ሳቀበት።

ሐብተ ማርያም አፉ ላይ የቀረውን ትምህርት ማታ ራት ላይ ለሚስቱ ለይመኙሽ አራገፈላት። ቃሉ የላቲን ነው፤ ስም አልባ መሆን ማለት ነው፤ የተዋረደ ሰው ስሙን ይገፈፋል። ይመኙሽ በባሏ ዕውቀት የምትኮራ ሴት ናት፤ አፏን ከፍታ ሰማችው። በማግሥቱ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ስላለባት በጊዜ ተኛች።

ሐሙስ መምህሩ ቀበሌ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ጓድ አስማረ ቁራ ጎጆ የሚሠራበት የሚያክል ጢም አለው።

«የተዋረደ ሰው ስሙን ይገፈፋል ብለሃል። ደጃዝማቾቹን ማዕረጋቸውን የገፈፈው ማን ነው? አብዮቱ። እንግዲህ አብዮቱ አዋራጅ ነው ማለትህ ነው?»

ሐብተ ማርያምን ላብ አጠመቀው፤ ያ ላብ ቢጠራቀም እንደ አንገረብ ወንዝ ድልድይ ያስፈልገው ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ የተጠየቀ ሰው ወይ ይታሰራል፣ ወይ ሌላ ሰው አጋልጦ ቤቱ ይገባል።

ማን ነገራቸው? ግድግዳው ትዝ አለው። ሳቁ ትዝ አለው። አለበልን በቀደም ከዚሁ ከቀበሌው በር ሲወጣ አይቶት ነበር፤ አለበልም «የስኳር ተራ ይዤ ነው» ብሎታል። ስኳር! ልጁን ክርስትና ያነሣለት ሰው፣ ከአንድ ትሪ የበላ ሰው። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ አለ በሆዱ።

«ቃሏን ያመጣት አለበል ነው» አለ። «እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው። በሕዝብ ፊትም አጋልጠዋለሁ።»

እንዳለውም በቀበሌው አዳራሽ ቆሞ አጋለጠው። አለበል በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መሃል ሲወጣ ዞር ብሎ «ምነው ሐብቴ?» አለው።

ሐብተ ማርያም ቤቱ ሲገባ ይመኙሽ በር ላይ ጠበቀችው። አበልጁ እንዴት እንደሸጠው፣ እሱም እንዴት ብድሩን እንደመለሰ ነገራት።

«አለበል ምን አደረገ?» አለች ይመኙሽ። «ማኅበሩ ውስጥ ባሌ ምንኛ የተማረ ነው ብዬ ቃሏን ከነምንጯ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»