የለብኝም

«በልቡ የተጠራጠረ ማን ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ አባቷ፣ ኤሌክትሪሺያኗ የሆስፒታሉን ክፍል በር ገፋ አድርጋ ስትገባ። ከሥራ በቀጥታ መምጣቷ ነው። ቱታዋ የግድግዳ አቧራ ለብሷል፤ ፒንሳዋም ከኋላ ኪሷ አልወጣም።

አልጋው ላይ ወንድሟ ተኝቷል። አሁን መጥተው ለልብ ቀዶ ጥገና ይወስዱታል፤ ቀድመው በሰጡት መድኃኒት ዐይኑ ተከድኗል። ግርጌው ላይ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁ ባዶው ወለል ላይ ተንበርክካለች።

አባቷ ጡረታ የወጡ ሰባኪ ናቸው፤ ከመድረክ ወረዱ እንጂ ከስብከት አልወረዱም። በእሳቸው ቤት ጸሎት ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ሰው አንድ ጥፋት ይናዘዛል። «የለብኝም» ማለት ትዕቢት ነው፤ ትዕቢት ያለበት ጸሎት ደግሞ ከጣራ አያልፍም። ስለዚህ የዚያ ቤት ልጆች ጥፋት ሲያጡ ይፈጥራሉ። እሷና ወንድሟ ከእራት በፊት ጓዳ ገብተው ይከፋፈሉ ነበር። «አንተ ስኳር ሰረቅሁ በል፣ እኔ ዋሸሁ እላለሁ።» ዋሸሁ ማለቷ ራሱ ውሸት ስለነበር አፋቸውን አፍነው ይስቁ ነበር።

እናታቸው የታመመች ጊዜ ግን ሳቁ ቀረ። እሷም ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጉልበቷ እስኪላጥ ጸለየች። እናቷ እንደምትነሣ ቅንጣት ስላልተጠራጠረች ጫማዋን ጠርጋ በር ላይ አዘጋጀችላት። እናቷ አልተነሣችም። ከቀብር መልስ አባቷ ሁለቱን ልጆች ፊት ለፊት አስቀመጡና «የተጠራጠረ ማን ነው?» አሉ። ወንድሟ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እሷ እንደለመደችው እጇን አወጣች። አባቷም ይቅር አሏት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይቅር እንዳሏት፣ «አንዲት የማውቃት ልጅ» እያሉ በየመድረኩ ሰበኩባት። እሷም የሆዷን በሆዷ ይዛ ኖረች።

«አንቺ» ይሏታል አሁን ወደ በሩ ዞረው። «ልብሽ ካልቀና ውጭ ቆዪ። አንዴ ያየነው ይበቃናል።»

አፏን ከመክፈቷ በፊት ልጅቱ ትቀድማታለች።

«እኔ ነኝ፣ አያቴ። እኔ ነኝ የተጠራጠርኩት።»

ስትናገር ጣራ ጣራውን ታያለች። ኤሌክትሪሺያኗ ያንን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ጥፋት ፍለጋ የሚዋትት ልጅ አስተያየት ነው። ደሟ ይፈላል።

«ተነሺ።»

«ጸሎት ላይ ናት!» ይላሉ ሽማግሌው።

እሳቸውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ልጅቱን ብብቷ ሥር ይዛ ታነሣታለች። «ነይ የኔ እናት፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል። እውነቱን ንገሪኝ እስቲ፤ አባቴ አይድንም ብለሻል?»

«ኧረ አላልኩም።»

«ታዲያ ለምን ተጠራጠርኩ አልሽ?»

«ሁሉም ዝም ሲል… አንድ ሰው ማለት አለበት አይደል?»

ኤሌክትሪሺያኗ ወደ አባቷ ትዞራለች። «ሰሙ አባባ? እኔም ያኔ እንዲሁ ነው ያልኩት። የሰናፍጭ ቅንጣት ታህል አልተጠራጠርኩም። ጫማዋን በር ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ገና በሕይወት እያለች ከበሩ ያነሱት እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው አልጋውን ይደገፋሉ። «እግዜርን ክደሽ ልጅቱንም ልታስክጂ ነው የመጣሽው?»

«ስለ እሱ አላውቅም። ሥራዬን ግን አውቃለሁ። መብራት አልበራ ሲል ማብሪያውን የተጫነውን ልጅ አንገርፍም፤ መስመሩን ነው የምንፈትሸው።»

አባቷ በሕይወታቸው ማንንም ጠይቀው የማያውቁትን ጥያቄ ያወጣሉ፤ ድምፃቸው የሰባኪ ድምፅ አይደለም።

«ታዲያ እናትሽ ለምን ሞተች?»

ልትመልሰው የምትችለው ነገር ቢኖር ደስ ባላት። ግን አታለሳልስም። «ሠላሳ ዓመት መልሱ እኔ ነበርኩ፣ አባባ። ከዛሬ ጀምሮ አይደለሁም። እግዜርን ይጠይቁት።»

በሩ ይከፈታል። ሁለት ነርሶች ገብተው የአልጋውን ጎማ ፍሬን ያላቅቃሉ። አልጋው በአጠገቧ ሲያልፍ የወንድሟ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ጎንበስ ትልለታለች።

«ስኳሩን ግን» ይላል በተሳሰረ ምላስ፣ «እውነቴን ሰርቄ ነበር።»

እያለቀሰች ትስቃለች።

ሽማግሌው አልጋው በነበረበት ቦታ ይንበረከካሉ። ከመጸለያቸው በፊት በልማድ ቀና ብለው ልጅቱን ያያሉ፤ ይጠብቃሉ። ልጅቱ የአክስቷን ቱታ ጨምድዳ ይዛለች። ጣራውን አታይም።

«የለብኝም» ትላለች፤ ነርሶቹ ከኮሪደሩ ዞረው እስኪያዩ ድረስ ጮክ ብላ።

ሽማግሌው እጃቸውን እንደ ዘረጉ ይቀራሉ። ክፍሉ ውስጥ ገና ያልተናዘዘ አንድ ሰው ብቻ አለ።