መቀርቀሪያው

ከቀብር መልስ፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ የመጨረሻዎቹን እንግዶች ሸኝቶ የእናቱን ቤት በር ሊዘጋ ሲል እጁ መቀርቀሪያው ላይ እንዳረፈ ደርቆ ቀረ። ብረቱ ከመነካካት ብዛት እንደ ማንኪያ ያብለጨልጫል። እናቱ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ፣ ድመቷ እንኳ ሳትቀር፣ ተሟልተው ካልገቡ ያንን በር ቀርቅራ አታውቅም ነበር። የዘገየ ካለ ወንበሯን ወደ በሩ ስባ፣ ዓይኗን ጨፍና እየጸለየች ትጠብቀዋለች። «ሌባ ቢገባስ?» ሲሏት፣ «ከገባማ አብሮን ይጸልያል» ትላለች። ያረፈችው ግን እሱ መንገድ ላይ ሳለ ነው።

«በሩ ክፍት ነበር አይደል?» አላት እህቱን፣ ፊቷን ሳያይ። «እኔን ስትጠብቅ ነው የሞተችው።»

እህቱ የምታደርቀውን ሰሃን እንደያዘች መጣች። «የምን ክፍት? እኔን ተደግፋ ራሷ ቀረቀረችው እንጂ! ‹እማዬ፣ ልጅሽ እኮ መንገድ ላይ ነው› ብላት፣ ‹እሱንማ ለፈጣሪ አስረክቤዋለሁ፤ በደህና ያስገባዋል። እኔ እንቅልፌ መጥቷል› አለችኝ። ከዚያማ ታውቃታለህ፣ ሰፈሩን እስክትቀሰቅስ አንኮራፋች። በዚያው አረፈች።»

ሹፌሩ ሳቅ አመለጠው። መርዶው በስልክ ከደረሰው ጀምሮ ደረቱ ላይ ተጭኖት የቆየው ነገር ቅልል አለው። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና ጓዳ ወደሚንጫጩት ልጆች ዞሮ፣ ልክ እንደ እናቱ፣ «ሁላችሁም ገብታችኋል?» ብሎ ጮኸ።

«ገብተናል!»

ድመቷ በእግሮቹ መሃል ሾልካ እስክትገባ ጠበቀና ቀረቀረው።