የዓሣ ነባሪ አጥንት ያለው ቬሎ

ፋንታዬ ሲኒማ ራስ አጠገብ፣ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ቬሎ ትሰፋለች። ሰው ሁሉ ያለቀለትን የቻይና ቬሎ ከዱባይ ተራ መግዛት ከጀመረ ወዲህ ሥራዋ ቀዝቅዟል። እትዬ በለጥሻቸው ልጃቸውን ኢየሩስን ይዘው ሲመጡ ደስ አላት።

«ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ነው የምፈልገው» አሉ እናትየው። «በእሷ ላይ ለኪ።»

ፋንታዬ ከሣጥኗ ቀጫጭን ጥቁር ዘንጎች አወጣች። ሙያውን ያስተማረቻት አርመናዊት ከአሮጌ የጣሊያን ቀሚስ ፈትታ የተወችላት ናቸው።

«የዓሣ ነባሪ አጥንት ይሉታል። ስሙ ነው እንጂ አጥንትስ አይደለም፤ ከላይኛው መንጋጋው እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ምግቡን ከውኃው የሚያጠልልበት ነው። እንደ ፕላስቲክ አይሰበርም። ገላ ሲያሞቀው ይለሰልስና የለባሿን ቅርፅ ይይዛል። የድሮዎቹ ወይዛዝርት ወገባቸውን ያስሩ የነበረው በዚህ ነው።»

«ደግፎ ያቆማል?»

«ያቆማል።»

«እንግዲያው እሱን አድርጊበት።»

ሜትሩ ወገቧ ላይ ሲዞር ኢየሩስ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። እያለቀሰች ነበር።

ለመለካት በመጡ ጊዜ ቬሎው ልክክ አለላት። እትዬ በለጥሻቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወገቡን ቀንሺ።»

«እትዬ፣ ልኳ እኮ ይሄው ነው።»

«ቀንሺ አልኩሽ።»

ቀነሰች። በሳምንቱ ተመልሰው መጡና አሁንም ቀንሺ አሏት። ለጥር የተባለው ሠርግም ወደ ኅዳር መጥቷል። ሙሽራው ፍስሐ ነው አሉ፣ ይፍጠንልኝ ብሎ የለመነው።

ያን ጊዜ ለፋንታዬ ነገሩ ገባት። የልጅቷ እንባ፣ ጥድፊያው፣ የእናትየው ጭካኔ። ሆዷ ገና ሳይታይ ሊያስሩት ነው። ፋንታዬ ራሷ አንድ ፅንስ ጨንግፎባት ያውቃል።

እናትየው ስልክ ሊያነሱ ወደ ደረጃው ሲወጡ ወደ ልጅቷ ጠጋ አለች።

«የኔ እህት፣ ይሄ ነገር ጉዳት አለው። እምቢ በያቸው።»

«እምቢ ማለት ቢቻል ኖሮ…» አለች ኢየሩስ። «ሐኪሙንም፣ እግዜሩንም ለምነናል። ማንም ምንም ማድረግ አልቻለም።»

«ፍስሐስ ያውቃል?»

«አውቆ እኮ ነው የቸኮለው።»

እናትየው ሲመለሱ ፋንታዬ መርፌውን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ከዚህ በላይ ማጥበቅ ኃጢአት ነው።»

እትዬ በለጥሻቸው መርፌውን አንስተው መለሱላት።

«ኃጢአቱ የእኔ ይሁን» አሉ። «አንቺ ብቻ ስፊልኝ።»

ሰፋች።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት የጀርባውን ክር ልታስር ወደ ቤታቸው ሄደች። እናትየው ምንም ቢሉ አላልታ ልታስር በመንገድ ላይ ቆርጣለች። ማድረግ የምትችለው እሱን ብቻ ነው።

በሩን የከፈተችላት ኢየሩስ ነበረች፤ የሚዜ ቀሚስ ለብሳለች። ወደ ውስጠኛው ክፍል መራቻት። ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ፣ ቁርጥ ኢየሩስን የምትመስል፣ ሕመም ያመነመናት ሴት በሁለት እጁ ደግፎ አስቀምጧል። እትዬ በለጥሻቸው ቬሎውን ቀስ ብለው አጠለቁላት።

ፋንታዬ ክሩን እስከ መጨረሻው ሳበችው፤ ቬሎው አሁንም ሰፋት።