ታንከሩ በር ላይ

«ገመዱን እንዳትፈቱ!» እያልኩ፣ እጄን እንኳ ሳላደርቅ ወደ ግቢው በር እሮጣለሁ። አራት ጫኝና አውራጆች ከጭነት መኪናው ላይ ሆነው ቁልቁል ያዩኛል። ከኋላቸው ቤታችንን የሚያህል የሚያብረቀርቅ የብረት ታንከር ተጋድሟል።

ታናሽ ወንድሜ ከሹፌሩ ጎን ዘሎ ይወርዳል። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«እህትዓለም፣ እንኳን ደስ አለሽ! ሦስት ሺህ ሊትር ይይዛል።»

እኛ ያለን ስድስት በርሜል ነው። በአንድ ጀመርን፤ በየዓመቱ አንድ አንድ ጨመርን። የምጠምቀው ቢራ ሠላሳ ቀን ካላረፈ ከዚህ በር አይወጣም፤ የሰፈሩ አሥራ ሁለት ምግብ ቤቶችም ይህን አውቀው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሦስት ሺህ ሊትር የጠየቀኝ ሰው የለም።

«በምን ገዛኸው?»

«አልገዛሁትም። ትልቁ ሆቴል ነው የሰጠን።»

«ሆቴሉ ከመቼ ወዲህ ነው ጽድቅ የጀመረው?»

ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ይሰጠኛል። እዚያው ቆሜ አነበዋለሁ። ለሁለት ዓመት የምንጠምቀው ቢራ በሙሉ ለሆቴሉ ብቻ ይሆናል፤ ታንከሩ በተሞላ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሆቴሉ ቢራውን ይረከባል። ከግርጌው የእኔ ፊርማ አለ፤ ጭራው ሳይቀር የእኔ ነው። እኔ ግን ብዕር አልነካሁም።

«ይሄን ማን ፈረመው?»

«አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ፤ ላስቸግርሽ አልፈለግኩም...»

ደሜ ይፈላል። ስሜን ለመገንባት ስድስት ዓመት ፈጀብኝ፤ እሱ በአንድ ብዕር ሸጠው።

«አሥራ ሁለት ቀን? በአሥራ ሁለት ቀን የሚደርሰው እኮ ቢራ ሳይሆን የሆድ ቁርጠት ነው!»

«ደግሞ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል በይኛ! እንቁላሉ እስኪራመድ እኛ ሸበትን እኮ!»

አውራጆቹ ይስቃሉ። ሳቃቸው ይበልጥ ያንገበግበኛል።

«እሺ፣ በየት ነው የሚገባው? በሩን ለክተኸዋል?»

ወንድሜ ታንከሩን ያያል፤ በሩን ያያል፤ ተመልሶ ታንከሩን ያያል። አልለካም። በመጨረሻ ጣቱን ይቀስራል። «ይቺን ግድግዳ ብናፈርሳት...» የሚያሳየኝ በርሜሎቼ የተደገፉበትን ግድግዳ ነው።

«መልሱት!» እላለሁ ወደ ሹፌሩ ዞሬ።

ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን ያወጣል። «እናት፣ እኔ አውርድ ተብዬ ነው የመጣሁት። ሽምግልና የሚባል ነገር አልነገሩኝም።»

«አውርድ ያለህ ሰው የዚህ ቤት አዛዥ አይደለም። መልሰው!»

ያኔ ወንድሜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፍቷል።

«ስድስት ዓመት ጎንሽ ቆሜ በርሜል አጥቤያለሁ። አንድ ቀን ‹አንተስ ምን ታስባለህ?› ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ብቅሉ መጣ ወይ ብዬዋለሁ። ወለሉ ደረቀ ወይ ብዬዋለሁ። ይህን ግን አላልኩትም፤ አንድም ቀን። ይህን ሳውቅ ንዴቴ መብረድ ሲገባው ጭራሽ ይብስበታል።

«እና ለዚህ ብለህ ፊርማዬን ትሰርቃለህ?»

ወረቀቱን አራት ቦታ ቀድጄ እግሩ ሥር እጥለዋለሁ። አጎንብሶ አያነሳውም።

ሹፌሩ ትከሻውን ሰብቆ ሞተሩን ያስነሳል። ወንድሜ እንደ ልማዱ አኩርፎ ወደ ጓዳ የሚገባ መስሎኛል፤ ምሳ ሲቀርብ ኩርፊያው ያልፍለታል። እሱ ግን ጎማውን ረግጦ መኪናው ላይ ይወጣል። አውራጆቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁለታል።

«አንተ ደግሞ የት ነው?»

«ታንከሩ ጠማቂ ይፈልጋል» ይለኛል፤ ሳያየኝ።

ሂድ እለዋለሁ። ከነብረትህ ሂድ! አሟሟቁን፣ አጠማመቁን፣ እርሾ አያያዙን አንድ በአንድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ይሂድና ለሆቴሉ ይጥመቅ! አፌ ይህን ሲል እግሬ ከመኪናው ኋላ ኋላ መሄድ ጀምሯል።

መታጠፊያው ላይ መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ታንከሩ ከገመዱ ሥር ይንሸራተታል። ወንድሜ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጉንጩን ብረቱ ላይ አስደግፎ ያቅፈዋል።

«አጥብቀህ ያዝ!» ብዬ እጮሃለሁ።