ጠያቂ የሌለው አልጋ

ኦቦ መርዳሳ በፋሻ የተጠቀለለውን የልጃቸውን እግር በሁለት እጃቸው ደገፍ አድርገው ትራስ ካስገቡለት በኋላ ቀና አሉና ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ቃኙ። ከዚያም ሰው ወዳልቆመበት አልጋ፣ በሩ ሥር ወደተኛው የቀን ሠራተኛ፣ ቀጥ ብለው ሄዱ። እጁን ያዙት፤ ጉልበቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉለት፤ ፈጣሪ ይማርህ አሉት። ሲስተር ጋዲሴ ከመስኮቱ አጠገብ ሆና ይህን ስታይ የያዘችው የመድኃኒት ትሪ ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

የመጠየቂያ ሰዓት ነበር። የአጥንት ታካሚ ወንዶች የሚተኙበት ክፍል በጠያቂ ተጨናንቋል፤ በአዳማ ሙቀት ላይ የዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽ ተጨምሮ ግድግዳው ራሱ የሚያልበው ይመስላል። አልጋ ላይ የተቀመጠው፣ ብርቱካን የሚልጠው፣ ሐኪም ሳይሆን መድኃኒት የሚያዘው ብዙ ነው። ጋዲሴ ግን ማንንም አላየችም። ዓይኗ ሽማግሌው ላይ ተተክሎ ቀረ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የኦቦ መርዳሳ ልጅ ኦሊቃ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ነው። በተሰበረው እግሩ ቁስል ላይ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ተገኘ፤ የታወቀውን አንቲባዮቲክ ሁሉ ከምንም የማይቆጥር ክፉ ዘር። ይህስ እሺ፣ ያጋጥማል። ጉዱ የመጣው ባክቴሪያው መዛመት ሲጀምር ነው። የቅርብ ጎረቤቶቹን ቢይዝ ማንም አይገርመውም ነበር። እሱ ግን አጠገቡ ያሉትን ዘሎ በሩ ሥር ያለውን ያዘ፤ ቀጥሎ መታጠቢያ ቤቱ ጋ የተኛውን የቆቃ ዓሣ አጥማጅ፤ ከዚያ ደግሞ መሃል ላይ ያሉትን አዛውንት። ኢንፌክሽን የመከላከሉ ሥራ የጋዲሴ ነውና ወለሉን በበረኪና አስፈተገች፤ ቧንቧውን አስመረመረች፤ አልፋ ተርፋም የነርሶቹን እጅ በላብራቶሪ አስፈትሻ ግማሾቹን አስኮረፈች። ምንም አልተገኘም።

አሁን ግን ታያት። በሩ ሥር ያለው ጠያቂ የለውም። ዓሣ አጥማጁም የለውም። አዛውንቱንም ሲጠይቃቸው ያየችው ሰው የለም፤ ከኦቦ መርዳሳ በቀር። ለካ እየመረጠ የሚዘለው ባክቴሪያው አይደለም። ኦቦ መርዳሳ፣ የመቂው የሽንኩርት ገበሬ፣ የልጃቸውን ቁስል አስተካክለው ሲያበቁ፣ ሰው ታሞ ጠያቂ አጥቶ እንዴት ይታለፋል ብለው፣ ወገን የሌለውን እየፈለጉ እጁን ይይዛሉ። ጋዲሴ እልል ማለት አማራት። ላብራቶሪው ነገ የፈለገውን ይበል፤ እሷ ዛሬ፣ በገዛ ዓይኗ፣ ስንት ቀን እህል ያስጠላትን ነገር አገኘችው።

ደስታዋን በቅጡ ሳታጣጥመው ኦቦ መርዳሳ ከበሩ ሥር ተነሱ፤ እንደገና ክፍሉን ቃኙና ዓይናቸው ምንተስኖት ላይ አረፈ።

ምንተስኖት ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ የባጃጅ ሹፌር ነው። ትናንት በቀዶ ጥገና ጭኑ ውስጥ ብረት ገብቶለታል፤ ቁስሉ ንጹሕ ነው። ያ ባክቴሪያ ብረቱ ላይ ከሰፈረ ግን የሚሰጠው መድኃኒት የለም፤ እግሩ መቆረጡ እንደሆነ ዶክተሩ ሳይሸሽግ ተናግሯል። ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ እናቱ ወይዘሮ ዘርፉ ከአጠገቡ ንቅንቅ ብለው አያውቁም ነበር። ዛሬ ቤት ደርሰው ሊመለሱ ሄደዋልና ወንበራቸው ባዶ ነው።

ጋዲሴ ትሪውን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ተስፈነጠረች። በጠያቂ መሃል እየተሽሎከለከች፣ የሰው ፔርሙስ በእግሯ ገልብጣ፣ ይቅርታ እንኳ ሳትል ሮጠች። ሽማግሌው ደርሰው እጃቸውን ዘርግተዋል። ምንተስኖትም ፈገግ ብሎ እጁን ዘርግቷል። ሊጨባበጡ ሲሉ መሃል ገብታ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጇ አፈፍ አደረገችው።

አንዲት ወጣት ነርስ አባት የሚሆኗትን ሰው እጅ እንዲህ ስትቀማ ያየ ሁሉ ፊቱ ተለዋወጠ፤ አንዱማ ይሄ ጥጋብ ነው አለ።

«ምነው ልጄ?» አሉ ኦቦ መርዳሳ።

በአማርኛ ጀመረችው፤ ከመቸኮሏ ቃሉ ሲጠፋባት በኦሮምኛ ቀጠለች። በኦሊቃ ቁስል ላይ ያለው ነገር በዓይን እንደማይታይ፣ በእጅ እንደሚሄድ፣ በሩ ሥር ያለውን ሰው እንዴት እንዳገኘው፣ የዚህ ልጅ ጭን ውስጥ ምን እንዳለ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«እኔ ነኝ ያደረስኩባቸው?»

መዋሸት ትችል ነበር። አልዋሸችም።

«በእጅዎ ነው የሄደው፣ አባቴ። እጅዎን ይታጠቡ ያላልንዎት ግን እኛ ነን። የራሳችንን ስንመረምር ከረምን እንጂ እርስዎን አንድ ቀን የነገረዎት የለም።»

ከኪሷ አልኮል አውጥታ እጃቸው ላይ አፈሰሰች፤ በራሷም ላይ። በጣት መሃል፣ ጥፍር ሥር፣ እስከ አንጓ ድረስ እያሳየቻቸው አብረው አሹ። ሲደርቅላቸው አሁን ምንተስኖትን ሰላም ሊሉት ይችላሉ አለቻቸው፤ ደስታዋ ተመልሷል። ኦቦ መርዳሳ ግን ራሳቸውን ወዘወዙ። ወደ ክፍሉ መሃል ተመለሱና ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው በኦሮምኛ መመረቅ ጀመሩ፤ በሩ ሥር ላለው፣ ለዓሣ አጥማጁ፣ ለአዛውንቱ፣ ለባጃጅ ሹፌሩ። ቋንቋውን የሚያውቀውም የማያውቀውም በያለበት ሆኖ አሜን ይል ጀመር፤ ጥጋብ ነው ያለው ሰውዬ ሳይቀር።

የምንተስኖት እጅ አሁንም እንደተዘረጋ ነበር። የሚይዘው እንደሌለ ሲገባው መዳፉን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ገለበጠና አሜን አለ።