የሳሊም ሁለት ዲስኮች

አላምረው ገመዱን ነቅሎ በሌላ ቀየረው፤ የኮምፒውተሩን ሆድ በአፉ እፍ አለው፤ እንደገና አበራው። ስክሪኑ ጠቆረና ያንኑ ነጭ ጽሑፍ አወጣ።

«አሁንም ዲስኩ አይታየኝም ይላል» አለ።

ሐዲጃ ከመደቡ ሳትነሳ ገላመጠችው። ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ውስጥ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው ሲሏት ነው የጓሮውን ክፍል ያከራየችው፤ ይኸው ብረት ሲያወልቅና ሲያስገባ፣ ብሎኑን ባዲሱ ምንጣፏ ላይ ሲበትን ዋለ። «ከዓይኑ አፉ ይበረታል» አለች፤ ማሽኑን ይሁን እሱን አልለየችም።

ኮምፒውተሩን የሠራው ልጇ ሳሊም ነበር። ዕቃውን አንድ በአንድ ከሱዳን በመተማ እያስመጣ፣ በገዛ እጁ ገጣጥሞ፣ የከተማውን ሰርግ ሁሉ እየቀረጸ አኖረበት። ሰው ሲያነሳ ኖረ እንጂ እሱን ያነሳው የለም። እንፍራንዝ ላይ ማኪናው ተገልብጦ ሲሞት የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ እንኳ አብሮት ጠፋ። ልጁ ኢልሃም ያኔ ገና ትድህ ነበር። አሁን ከትምህርት ቤት በመጣች ቁጥር አባቴ ምን ይመስል ነበር ትላለች፤ ሐዲጃም «ሰው» ትላታለች። ሌላ ምን ትበላት? ፊት በአፍ አይሣል።

እዚያ ሣጥን ውስጥ ግን አንድ ፎቶ አለ። ኢልሃምን አራስ ሳለች ታቅፎ ተቀምጦ፣ ራሷ ሐዲጃ ናት ያነሳችው፤ የቱን እንደምትጫን ጣቷን ይዞ አሳይቷት።

አላምረው የእጅ ባትሪ አብርቶ ወደ ውስጥ አጎነበሰ። ከዲስኩ ጎን ባዶ ቦታ አለ፤ የብሎኑ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

«እትዬ ሐዲጃ፣ እዚህ ጋ ሌላ ዲስክ ነበረ እንዴ?»

«ነበረ። ሸጋ አድርጌ አካፈልኋቸው።»

የሳሊምን ሌላ ንብረት ሼሁ በሸሪዓው ደልድለው ነበር። ይህን ኮምፒውተር ግን ምን እንደሆነ ያወቀው ስላልነበረ፣ ሚስቱ ፈህሚያና ወንድሙ አኒስ ተናነቁበት። ሐዲጃ ዕድሜዋን ጨርቅ በክንድ ለክታ ስትሸጥ፣ አንድ ጣት አጎደልሽብኝ ያላት ገበያተኛ የለም። አስከፈተችው። መንታ የመሰሉ ሁለት ብረቶች ውስጡ ተጋድመው አገኘች፤ አንዱን ለፈህሚያ፣ አንዱን ለአኒስ ሰጠች። አባት የሌላት ልጅ ሐቅ በኔ ቤት አይበላም ብላም ቀፎውን ለኢልሃም አደረገች። ማንም አላጉረመረመም። ፈህሚያ ኋላ ሌላ ባል አግብታ ባሕር ዳር ስትወርድ፣ ድርሻዋንም ልጅቷንም ለሐዲጃ ጥላ ሄደች፤ ብረቱም ወደ ቀፎው ተመለሰ።

አላምረው ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ሳሊም ሁለቱን እንዳንድ አድርጎ ነበር ያሰራቸው አላት። እያንዳንዱ ፎቶ ይቆራረስና ቁራሹ በየተራ፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ይገባል፤ አንደኛው ከሌለ ሌላው ብቻውን ምንም አያውቅም።

«ምነው ሙሉውን ባንዱ ላይ ቢያኖረው?»

«ለፍጥነት ነው፣ እትዬ።»

«ለፍጥነት» አለች። «ማኪናም እንደዚሁ ነበር የሚነዳ።»

ኢልሃም ሮጣ አኒስን ከሱቁ ጠራችው። ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣና ከደጁ ሳያልፍ ቆመ። አላምረው ገጥሞ አበራው። ማሽኑ ሁለቱንም አየ። ሐዲጃ አልሐምዱሊላህ ልትል አፏን ከፍታ፣ የአላምረውን ፊት አይታ ዘጋችው። በአኒስ ዲስክ ላይ ያለው ዘፈን ብቻ ነበር።

አኒስ ጫማውን እያየ ተናገረ። ያኔ ወስዶ የራሱ ማሽን ላይ ሲሰካው፣ ሊነበብ የሚችል ነገር የለውም፣ ላጽዳው ወይ ብሎ ማሽኑ ጠየቀው፤ እሱም አዎ አለው። ለደንበኛ ስልክ ዘፈን የሚጭነው ከዚያ ወዲህ በሱ ነው።

«ያንተ ነው ብለሽ ሰጠሽኝ እኮ፣ እማ።»

«ሰጥቼሃለሁ። ሂድ፣ ሱቅህን ጠብቅ።»

አላምረው የፈህሚያን ዲስክ ብቻውን ልፈትሸው፣ ተስፋ ግን አታድርጉ አለ። ሐዲጃ ተነስታ የዐስርን ሶላት ሰገደች። ስትመለስ ማሽኑ ሲያንሾካሹክ ቆይቶ ዝም ብሏል፤ አላምረውም ወንበሩን ለቆላት ቆሟል።

ስክሪኑ ላይ የፎቶው የመጀመሪያ ቁራሽ ወጥቷል፤ ከላይ ነጭ መጋረጃ ይታያል። ከመጋረጃው ሥር የተከረከመ ጠጉር፣ ከጠጉሩ ሥር ግንባር፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ በልጅነቱ የሱቋ ባንኮኒ የፈነከተው ጠባሳ። ከቅንድቡ በታች ምስሉ በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ቀጥ ብሎ ያልቃል፤ ቀሪው እስከ ግርጌ ግራጫ ነው።

«እሱ ነው» አለች ሐዲጃ።

ኢልሃም ወንበሩ ላይ በጉልበቷ ወጣች። ብዙ አየችው።

«ዓይኑስ፣ እምዬ?»

ሐዲጃ ለገበያተኛም ለዳኛም መልስ አጥታ አታውቅም። አሁንም አላጣችም።

«ዓይኑ ያጎትሽ ድርሻ ነበር።»

ልጅቷ የሰማችም አትመስል። የሹራቧን እጅጌ ወደ መዳፏ ሳበችና፣ ግራጫውን እንደ አቧራ ትጠርገው ጀመር።